ፍሪሲዮኑን የያዘች እጅ

ሰፈሩ በሙሉ «ቆጣሪው» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል። ዕድሜውን በሞተር ሳይክል ከደጅ ደጅ እየዞረ የውኃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። የሞተሩ ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ ልጆች «ቆጣሪው መጣ! ውሻውን እሰሩ!» እያሉ ወደ ቤት ይሮጡ ነበር።

ብዙ በር ያንኳኳ ሰው ነው፤ አንዱም በር ግን ተቀመጥ አላለውም። ሥራው እንደዚያ ነው። አጎንብሶ የቆጣሪውን መስታወት በአውራ ጣቱ ይጠርጋል፣ ያነባል፣ ይሄዳል። ያም ሆኖ የቤቱን ሆድ ዕቃ ያውቀው ነበር። መርፌዋ ስትፈጥን ሕፃን ተወልዷል፣ ወይ እንግዳ ሰንብቷል። ስትዘገይ ልጅ ተድሯል፣ ወይ ሰው ሞቷል። ጨርሳ ከቆመች ቤቱ ባዶ ነው። ያወቀውን ለማንም አይናገርም። «እኔ የማነበው ውኃ ነው፣ ሰው አይደለም» ይላል። ሚስቱ ብቻ ትስቅበት ነበር። «የሰው ሁሉ ቧንቧ ስትቆጥር የራስህ ያንጠባጥባል» ትለዋለች። እውነቷን ነው፣ ያንጠባጥብ ነበር። ያንን ቧንቧ የጠገነው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። የሚቆጣው ሰው ኖሮ አይደለም፤ ቤቱ ጭር ሲል የጠብታው ድምፅ አላስቀምጥ ስላለው ነው።

በቅርቡ በእሱ ቦታ የተተካው ወጣት መጥቶ የግቢውን የውኃ ቆጣሪ አየና ግራ ገባው።

«ጋሼ፣ ይቺ ቆጣሪ ተበላሽታ ይሆን? አትንቀሳቀስም እኮ!»

«ደህና ናት።»

«ውኃ አይጠቀሙም እንዴ ታዲያ?»

«እጠቀማለሁ። አንድ ሰው ነኝ።»

ወጣቱ «እህ» ብሎ ሄደ። ቆጣሪው አልተቀየመውም። እሱም ቢሆን በሥራ ዘመኑ ከዚያ የበለጠ አልቆመም።

እንግዲህ የሞተሩ ነገር የመጣው ከመውደቁ ነው። አንድ ቀን ማለዳ መታጠቢያ ቤት አዳልጦት ወደቀ፣ መነሣትም አቃተው። ቧንቧው እንደተከፈተ ይፈሳል። ከግንቡ ወዲያ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ጎረቤቱ የውኃውን ድምፅ ሰማች። «የቆጣሪው ቤት ውኃ እንዲህ ሲባክን? ይሄ ሰውዬ ቢሞት ነው እንጂ!» ብላ ሰው ጠርታ በሩን አስከፈተች። አልሞተም፤ ዳሌው ብቻ ጠቁሮ ተገኘ። አንዲት ልጁ፣ ባለትዳርና የልጆች እናት፣ ከከተማው ወዲያኛ ጫፍ እየበረረች መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከእኔ ጋር ኑር» ማለቱን አልተወችም። እሱም እምቢ ማለቱን አልተወም። በስልክ ይሟገታሉ።

«አባዬ፣ ሰው ብቻውን ሁሉን ነገር አይችልም።»

«እኔ ያልቻልኩት ምንድን ነው? ንገሪኛ!»

«ፍሪሲዮኑ ለስልሶብኛል፣ ሞተሯ ቆማለች አላልከኝም?»

«እሱን እኔው እሠራዋለሁ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን! እሁድ ከሰዓት ስትመጪ ፍሪሲዮኑ ካልጠነከረ ሻንጣዬን ይዤ እከተልሻለሁ።»

«ከጠነከረስ?»

«ሁለተኛ ይህን ነገር አታነሺብኝም።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ስልኩን ሲያስቀምጥ ነው የደነገጠው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

የዚያች ሞተር ፍሪሲዮን በሽቦ ሳይሆን በዘይት ነው የሚሠራው። በግራ እጅ እጀታውን ሲጨብጡት፣ መሪው ላይ ካለች ትንሽ ኩባያ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ይገፋና ታች ሞተሩን ከማርሹ ያላቅቃል። ዘይት ሲገፉት ይገፋል። አየር ግን ሲጫኑት ይጨማደዳል፣ ጉልበት ይበላል። ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ እጀታው እንደ እርጥብ ጨርቅ ይልሞሰሞሳል፤ ማርሹም እየጮኸ አልገባም ይላል። መድኃኒቱ አየሩን ታች ባለችው ትንሽ ብሎን በኩል ማስወጣት ነው። አንዱ ሰው ከላይ ሆኖ እጀታውን ጨምቆ ይይዛል፤ ሌላው ታች ብሎኗን ይከፍታል። አየርና ዘይት ተደባልቆ ፊጭ ይላል። ብሎኗ ትዘጋለች። እጀታው የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ብሎኗ ሳትዘጋ እጅ ከቀደመ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ልፋቱም ከንቱ ይሆናል።

ድሮ ላይኛዋ ሚስቱ ነበረች። እሱ ጆንያ አንጥፎ ከሞተሩ ሥር ይጋደማል፤ እሷ በርጩማዋን ስባ እጀታው አጠገብ ትቀመጣለች።

«ያዢ!»

«ይዣለሁ። የልብስ ሰፊዋ እህት መጥታለች፣ ሰምተሃል?»

«ልቀቂ!»

«ለቅቄያለሁ። ከባሏ ተጣልታ ነው አሉ። ደግሞ ሻንጣዋ ትልቅ ነው፤ የአንድ ቀን ኩርፊያ አይመስልም።»

«ያዢ አልኩሽ እኮ!»

«ይዣለሁ፣ ምን ያስጮህሃል!»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሥራው ሳይታወቅ ያልቅ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ የሆነውን ሁሉ የሚሰማው ከሞተሩ ሥር ተጋድሞ ነው። በር ለበር ሲዞር ከሚውለው ሰው ይልቅ ቤት የምትውለው ሴት ነበረች ወሬ የምታውቀው።

እሁድ ጠዋት ሞተሯን ከመጋዘን አውጥቶ ግቢው መሐል አቆማት። ቁልፉን፣ ካቻቢቴውን፣ አንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይትና በቀጭን ላስቲክ ቱቦ የተያያዘ የመስታወት ማሰሮ በተርታ ደረደረ። ማሰሮው ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምሮ የቱቦውን ጫፍ ደፈቀበት፤ ሌላውን ጫፍ ብሎኗ ላይ ሰካ። የኩባያዋን ክዳን ፈትቶ እስከ አፏ ሞላ። ሌላ ሰው የሌለው ሰው ዘዴ ነው የሚኖረው። ከአሮጌ ጎማ የቆረጠውን ላስቲክ ወስዶ፣ እጀታውን ጨምቆ ከመሪው ጋር ጠፍሮ አሰረው። ወረደ፤ ብሎኗን ከፈተ። ማሰሮው ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ዘጋ። ተነሣ። ላስቲኩን ፈታ። እጀታውን ለቀቀው፤ እንደገና ጨምቆ አሰረ። ወረደ።

ጉልበቱ ሲወጣም ሲወርድም እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ዳሌው አልዳነም። ያም ሆኖ እጀታው ትንሽ ትንሽ መደንደን ጀመረ፤ እሱም ልቡ ሞላ። ከዚያ ሰለቸውና አቋራጭ ፈለገ። በግራ እጁ እጀታውን ይዞ በቀኝ እጁ ብሎኗ ጋ መድረስ ይቻል እንደሆነ ሞከረ። ልክ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሮ ደረሰ። ፊቱ የነዳጅ ታንከሩ ላይ ተለጥፎ፣ የሚያየው ነገር ሳይኖር፣ በዳበሳ ብቻ ይሠራል። ሥራው ሲሰምርለት ምላሱ እንደ ድሮው ተፈታ፦

«ያዢ!»

ግቢው ጸጥ እንዳለ ነው። ድምፁ ከግንቡ ነጥሮ ለራሱ ተመለሰለት። ከግንቡ ወዲያ የስፌት መኪናው ቆመና የልብስ ሰፊዋ ራስ ብቅ አለ።

«እኔን ነው?»

«አይ… ሞተሯን ነው።»

ሴትዮዋ ሞተሯን አየች፣ እሱን አየች። ሳትስቅ፣ «ልምጣና ልያዝልዎት?» አለችው።

«አይ እህቴ፣ ይቅር። ብቻዬን ነው የምሠራው።»

«እሺ፤ አምላክ ያግዝዎት እንግዲያ» ብላ ተመለሰች። የስፌት መኪናው ቶሎ ድምፅ አላሰማም። ከግንቡ ወዲያ ዝም ብላ እንደቆመች ታወቀው። ከዚያ በኋላ አፉን ገጥሞ ሠራ።

ማሰሮው ውስጥ አረፋው እየሳሳ መጣ። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ፤ አሁንማ ደረሰ ሲል እጀታው በድንገት እጁ ላይ ሞተ። እስከ መሪው ድረስ ምንም ሳይገታው ሄደ። ደነገጠ። ቀና ብሎ ኩባያዋን ተመለከተ። ደረቅ ናት። ከታች ዘይት በወጣ ቁጥር ከላይ መጉደሉን ረስቶ፣ ኩባያዋ ባዶዋን አየር ስትስብ ኖራለች። የጠዋቱ ልፋት እንዳለ ውኃ በላው።

ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። እንዲህ ያለ ስሕተት በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም። ይህን ሥራ ዓመት ባለፈ ቁጥር ሲሠራው ኖሯል፤ ኩባያዋ ግን አንድም ቀን ደርቃበት አታውቅም። ለምን? እያሰበ ሄደና አንድ ነገር ላይ ደረሰ። እሱ በሥራ መሐል ኩባያዋን ሞልቷት አያውቅም። አንድም ቀን። ታዲያ ማን ይሞላት ነበር?

ሚስቱ በርጩማው ላይ ስትቀመጥ የዘይቱን ጠርሙስ ጉልበቷ መሐል ታጣብቀው ነበር። እሱ ይህን ያየዋል፤ ጠርሙሱ እንዳይደፋ ይዛ ይመስለው ነበር እንጂ ሌላ አላሰበም። ለካ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ስትሞላ፣ በአፏ የልብስ ሰፊዋን እህት ስታማ፣ ዓይኗ ከዚያች ኩባያ ተነቅሎ አያውቅም። «ሙዪ» ብሏት አያውቅም፤ «ሞላሁ» ብላውም አታውቅም። በየሰው ደጅ መርፌ ሲያይ የኖረ ሰው የገዛ ቤቱን ሳያነብ ቀርቷል።

ታንከሩን አሁን ነው ያስተዋለው። ከእጁ የተንጠባጠበው ዘይት ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ አብጦ እንደ ቃጠሎ ቆዳ ተነሥቷል። የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚልጥ መቼ አጣው? ለካስ ድሮ ዘይት እንዳያርፍበት ታንከሩ ላይ አሮጌ ፎጣ የሚያለብሰውም እሱ አልነበረም።

እንደገና ሞልቶ እንደገና ጀመረ። አሁን ግን ልቡ ሄዷል። ጥቂት ጨምቆ ተነሥቶ ኩባያዋን ያያል፤ ወርዶ ብሎኗን ይረሳል። ፀሐይዋ ከቤቱ ጣሪያ ወዲያ አለፈች። የውጪው በር ተንኳኳ።

«አባዬ! እኔ ነኝ!»

ያን ጊዜ ያደረገውን ሰይጣን አስተምሮት ይሁን ዕድሜ እንጃ። አየር ያለበት ፍሪሲዮን ቶሎ ቶሎ ደጋግመው ከጨመቁት ለጊዜው ይጠነክራል፤ ትንሽ ሲቆይ ነው ተመልሶ የሚልሞሰሞሰው። ሮጦ ደርሶ እጀታውን ቸብ ቸብ ቸብ አደረገው፤ እንደ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩን ከፈተ።

ልጁ ሳመችው፤ ሞተሯን አየች፤ የተላጠውን ታንከር አይታ እንዳላየች አለፈችው።

«ጨረስክ?»

«ነይ፣ ጨብጪው።»

«ቆይ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ መጀመሪያ ውኃ ልጠጣ።»

ገባች። ብርጭቆ ሲነሣ፣ ቧንቧ ሲከፈት ሰማ። ቧንቧው ተዘጋ፤ እሷ ግን አልወጣችም። ቆጣሪው ከሞተሯ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አየሩ ቀስ እያለ ሲላቀቅ የሚሰማው መሰለው። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ቢጨምቀው ይበቃ ነበር፤ ግን በወጥ ቤቱ መስኮት ታየዋለች። እጁን ኪሱ ከተተ።

ወጥታ መጥታ እጀታውን ጨበጠችው። ሳይገታት እስከ መሪው ሄደ። ለቀቀችው።

«እማዬ ምን ትለኝ ነበር መሰለህ?» አለች። «‹አባትሽ ጨረስኩ ብሎ ሲጠራሽ ሮጠሽ እንዳትጨብጪ። አስቀድመሽ ውኃ ጠጪ።›»

ቆጣሪው ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

«ታውቅ ነበር?»

«እሷ? ምኑን አታውቅም ብለህ!»

ልጅቱ ገብታ አሮጌ ፎጣ ይዛ ወጣች፤ ታንከሩን አለበሰችው። በርጩማውን ከግድግዳው ሥር አንሥታ እጀታው አጠገብ አስቀመጠችና ተቀመጠች። የዘይቱን ጠርሙስ ጉልበቷ መሐል አጣበቀችው።

«እሱን ማን አስተማረሽ?» አላት።

«ምኑን?»

«ጠርሙሱን እንዲህ መያዝ።»

ወደ ጉልበቷ ተመለከተች። «እንጃ። እንዲህ አልነበር እንዴ የሚያዘው?»

ጆንያው ላይ ተጋደመ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው እግሯ ብቻ ነው። ቁርጭምጭሚቱ የእናቷ ነው።

«ያዢ።»

«ይዣለሁ።»

«ልቀቂ።»

«ለቅቄያለሁ።»

ላይ ኩባያዋ ውስጥ ዘይት ሲንቆረቆር ሰማ። አላዘዛትም። አረፋው ይወጣል፤ ብሎኗ ትዘጋለች። ሥራው በደንብ እየሄደ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው።

«ወሬ የለም እንዴ?» አለ ከታች።

«ምን ወሬ?»

«እንጃ። እናትሽ ታወራ ነበር።»

ኩባያዋን ሞላ አድርጋ፣ «ትንሿ ልጄ የፊት ጥርሶቿ ወለቁ» አለች።

«ያዢ። እሺ?»

«ይዣለሁ። ስትስቅ ቁርጥ አንተን መሰለች። ፀጉሯን ብቻ መላጨት ነው የቀራት።»

«ልቀቂ፣ አንቺ ባለጌ!»

«ለቅቄያለሁ።»

ማሰሮው ውስጥ አረፋው አለቀ። ጥርት ያለ ዘይት ብቻ መጣ። ብሎኗን አጥብቆ ተነሣ። እጀታውን አልነካውም፤ ገብቶ ውኃ ጠጥቶ ተመለሰና ጨበጠው። ጠንክሯል። ሰላም ሲሉት አጥብቆ እንደሚጨብጥ ሰው እጅ ሆኗል። ከግንቡ ወዲያ የስፌት መኪናው ቆመ።

«ተሳካልዎት?»

«ተሳካ፣ እህቴ!»

ልጅቱ እጇን በፎጣው እየጠረገች፣ «እንግዲህ በቃ» አለች። «ሁለተኛ አላነሣብህም።»

ቆጣሪው መሣሪያውን እየሰበሰበ ነበር። «ሻንጣው ከቁም ሣጥኑ ላይ ነው። አውርጂልኝ።»

«አባዬ፣ ተሠርቷል እኮ!»

«ብቻዬን ነው ያልኩት። ብቻዬን አልሆነም።»

«ይሄ እኮ ማንም ብቻውን አይሠራውም። የሁለት ሰው ሥራ ነው።»

«እሱን ነው የምልሽ» አላት።

የሚይዘው ዕቃ ብዙ አልነበረም። መኝታ ቤት ገብቶ ሲወጣ ትንሽ ቆየ። የቤቱን ቁልፍ በግንቡ ላይ ለልብስ ሰፊዋ አቀበላት።

«አደራ፣ የውኃ ድምፅ ከሰማሽ…»

«ምን ልሰማ፣ ዘግተውት እየሄዱ?» አለችው። ይህን ማለቷ ወዲያው ከነከናት መሰለኝ፣ ቁልፉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ሞተሯን ወደ ደጅ ገፋ። በርጩማውን በተረፈው የጎማ ላስቲክ ከኋላ ማሰር ፈልጎ ነበር፤ ልጁ የምትቀመጥበት ቦታ ስለሌለ መልሶ ግድግዳው ሥር አኖረው። ከበሩ አጠገብ ካለው የውኃ ቆጣሪ ሣጥን ጋ አጎነበሰና ዋናውን መዝጊያ እስኪጠብቅ አዞረው። መስታወቱን በአውራ ጣቱ ጠረገ፤ የዘይት ዱካ ቀረበት። መርፌዋ ቆማለች። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ሲያጋጥመው ሳያንኳኳ ያልፍ ነበር።

ልጁ ሻንጣውን አቅፋ ከኋላው ተቀመጠች። ሞተሯን አስነሣ። እጀታውን ጨበጠ፤ ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ግን አልተንቀሳቀሱም። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ከፊት ለፊት የሚያግዳቸው ነገር የለም፤ እሱ እጀታውን አጥብቆ እንደያዘ በሩን ያያል።

«አባዬ» አለችው ከኋላው፣ ቀስ ብላ። «ልቀቅ።»

ለቀቀ።